ከአሻንጉሊት ሙዚየም መልስ፣ ለልጄ

ማሙሽዬ፣

ስደውልልህ «ደህና ነኝ እማ፣ ጉንፋን ቢጤ ነው» ብለህ ትዘጋዋለህ። የአክስትህ ልጅ ግን ሌላ ነገር ነገረችኝ። እንዳትቆጣት። አፋጥጬ የጠየቅኳት እኔ ነኝ። ማታ ማታ ሳልህ ግድግዳ አልፎ እንደሚሰማት፣ ትኩሳቱ ለቀቀህ ሲባል እየተመለሰ ሁለት ሳምንት እንዳለፈው፣ ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ቆም ብለህ እንደምትተነፍስ፣ ያም ሆኖ ጠዋት ታይሌኖልህን ውጠህ ወደ ሥራ እንደምትከንፍ ነገረችኝ። ሐኪም ቤት ሂድ ስትልህ «ይሄን ፕሮጀክት እንጨርስና» አልካት አሉ።

ሐኪም ቤት ሂድ። ደብዳቤውን እዚህ ጋ አቁመህ ብትሄድ ደስታዬን አልችለውም። የቀረውን እዚያው ተራ ስትጠብቅ ታነበዋለህ።

በቴክስት ብጽፍልህ አውራ ጣት ልከህ ታልፈኛለህ። ለዚህ ነው ረጅም የምጽፍልህ። ደግሞም ቅዳሜ ዕለት ያየሁትን ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ከቤታችን ሰው ይሄ ነገር የሚገባው አንተን ነው።

ሚጢን ይዤ አሻንጉሊት ሙዚየሙ ሄድኩ። ያው እዚህ አትላንታ ስፕሪንግ ስትሪት ላይ ያለው፣ ድሮ ትምህርት ቤት የነበረው ሕንፃ፣ ሴንተር ፎር ፐፔትሪ አርትስ። እህትህ ቅዳሜ ተረኛ ናት፤ ልጅቷ ደግሞ ቤት ከዋለች ከአይፓድ አትላቀቅም። አንተን በልጅነትህ የወሰድንህ ጊዜ የነበረው ሙዚየም አሁን የለም። ይሄኛው በ2015 ነው የተከፈተው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ)። አንዱ ክፍል ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ነው፣ ሌላው የጂም ሄንሰን፣ ያ እንቁራሪቱን ከርሚትን የፈጠረው የቴሌቪዥን አሻንጉሊት ሠሪ። ልጆች የራሳቸውን አሻንጉሊት ቆርጠውና አጣብቀው የሚሠሩበት ክፍል አሁንም አለ። ያኔ አንተ የሠራኸው አንበሳ አንድ ዓይኑ ወድቆ እኔ ጋ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ከዓለም ክፍሉ ጀመርን። ይሄ ነገር ምን ያህል የቆየ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሄሮዶቱስ፣ የግሪኩ ጸሐፊ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ስለ ግብፅ ሲጽፍ፣ በበዓል ቀን ሴቶች በክር የሚንቀሳቀሱ ምስሎች ይዘው በየመንደሩ ይዞሩ እንደነበር ተናግሯል። ቬትናሞች ደግሞ ከ11ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ውኃ ላይ ነው የሚያጫውቱት። ሰዎቹ ከቀርከሃ መጋረጃ ጀርባ ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ይቆማሉ። ከውኃው ሥር ረጅም እንጨት ይዘው ዘንዶውን፣ ዓሣውን፣ ገበሬውን ያስዋኛሉ። ሚጢ ዘንዶውን ወደደችው። እኔ ደግሞ የሰዎቹን ደረት ነው ያሰብኩት። ያ ሁሉ ሰዓት ቅዝቃዜ ውስጥ! ሰሞኑን የማየው ነገር ሁሉ ወደ አንተ ደረት ነው የሚወስደኝ።

አፍሪካ ላይ የማሊ አሻንጉሊቶች ጋ ብዙ ቆየን። ባማናና ቦዞ የሚባሉት ሕዝቦች ትልልቅ እንስሳ ይሠራሉ፤ ውስጡ የእንጨት አጥር የመሰለ ነገር አለ፣ ላዩ በጨርቅና በሣር ይሸፈናል፣ ሰዎች ከውስጡ ገብተው ይጨፍሩበታል። ጭንቅላቱ ከእንጨት የተጠረበ ነው። ይሄን የሚያዘጋጁት የመንደሩ ወጣቶች ናቸው፣ በማኅበር ተደራጅተው። የማርካላ ከተማው ሥርዓት በ2014 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ጎረምሶች ተሰብስበው እንዲህ ያለ ነገር ሲሠሩ ሳስብ ደስ ይለኛል። አንተም የምትሠራው ያንን ነው፤ ሎስ አንጀለስ ስለሆነ ብቻ ነው ሌላ የሚመስለው። አባትህ ለሰው ሲናገር «ፊልም ላይ ነው የሚሠራው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን «ልጄ አሻንጉሊት ይሠራል» ነው የምለው፣ ድምፄንም ዝቅ አላደርግም።

ሚጢ «የኛስ የት አለ?» አለችኝ። ስለ ፀሐይ ነገርኳት፣ ስለ ቀጭኔዋ። መምህር የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ሆና አዲስ አበባ ላይ የጀመረችው የልጆች ፕሮግራም፣ ፊደሉንም፣ እጅ መታጠቡንም፣ ጤናውንም በአማርኛ ያስተምር የነበረው። ማታ ቤት ገብተን ስልኬ ላይ ከፍቼ አሳየኋት። ቀጭኔዋ እጅሽን ታጠቢ ስትላት ሮጣ ሄዳ ታጠበች። እኔ ስላት የማትሰማኝ ልጅ! ቀጭኔዋ አንተንም ሐኪም ቤት ሂድ ብትልህ ኖሮ ምናለ። እስከዚያው እኔው እላለሁ። ሂድ።

ቀጥሎ ጥላዎቹ ነበሩ። የጃቫዎቹ፣ ዋያንግ ኩሊት የሚሏቸው። ከጎሽ ቆዳ ነው የሚሠሩት። ቆዳው ተፍቆና ደርቆ በትንንሽ መሮ ይበሳል። መስታወቱ ላይ አፍንጫዬን አስጠግቼ አየሁት። አንዱ ምስል ቀሚሱ ላይ ያለው ቀዳዳ ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም፤ በመቶ የሚቆጠር ነው፣ አንዱም ከመስመር አልወጣም። መብራቱ በእነዚያ ቀዳዳዎች ሲያልፍ ጥላው ጥልፍ ይሆናል። ዳላንግ የሚሉት አንድ ሰው ከመሸ ቁጭ ብሎ እስኪነጋ ድረስ ሁሉንም ምስል ራሱ ያንቀሳቅሳል፣ የሁሉንም ድምፅ ራሱ ያወጣል፣ ሙዚቀኞቹንም የሚመራው እሱ ነው።

እዚያ ጋ ሆዴ ባር ባር አለኝ። አጎትህ ትዝ አለኝ። ስሙን የሰጠሁህ። እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስለ ጃፓኖቹ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ይሄኛው ለሥራህ ይሆንሃል።

ቡንራኩ እንደሚባል አንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃለህ። አንድን አሻንጉሊት ሦስት ሰው ነው የሚያንቀሳቅሰው። ዋናው ጭንቅላቱንና ቀኝ እጁን ይይዛል፣ ሁለተኛው ግራ እጁን፣ ሦስተኛው እግሩን። ሁለቱ ፊታቸውን በጥቁር ጨርቅ ይሸፍናሉ። ዋናው ብዙ ጊዜ ፊቱ ይታያል፣ ሥር ያሉት እንዲመቻቸውም ከፍ ያለ የእንጨት ጫማ ያደርጋል። ሴት ሆነው የሚሠሩት አብዛኞቹ እግር የላቸውም። ሦስተኛው ሰው የቀሚሱን ጫፍ ከውስጥ በጡጫው እየገፋ ነው የሚያስኬዳት። እግር የለም፣ ግን ስትራመድ ታያታለህ። አሁን ዋናውን ነገር ስማኝ። በልማዳቸው እግር ላይ 10 ዓመት፣ ግራ እጅ ላይ 10 ዓመት ተሠርቶ ነው ወደ ጭንቅላቱ የሚደረሰው። ማሙሽ፣ 20 ዓመት! አንተ ወርክሾፑ ከገባህ ጀምሮ ጥፍርና መዳፍ ብቻ ነው የሚያሠሩኝ እያልክ ትበግናለህ። አንድ ሳምንት ታምሜ ተኛሁ ካልክ ቦታህን ሌላ ሰው የሚወስድብህ ይመስልሃል። 20 ዓመት በሚጠይቅ ሙያ ላይ አንድ ሳምንት ምን አላት? እንደው በሞቴ፣ ምን አላት?

አለቃህን እንዴት እንደምትነግረው ጨንቆህ ከሆነ ይሄን ጻፍለት፦ ታምሜያለሁ፣ ዛሬ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ፣ ምን እንዳሉኝ ከሰዓት በኋላ አሳውቅሃለሁ። በቃ። ይቅርታ አታብዛ።

ከዚያ ወደ ሄንሰን ክፍል ገባን። ማዕከሉ ራሱ በ1978 ሲከፈት ሪባኑን የቆረጡት ሄንሰንና ከርሚት ናቸው። በ2007 ደግሞ ቤተሰቡ ከ500 በላይ ዕቃ ለመስጠት ቃል ገባ። ሰውየው በ1936 ሚሲሲፒ ነው የተወለደው። የመጀመሪያውን ከርሚት በ1955 ሲሠራ የእናቱን ያረጀ ካፖርት ነው የቀደደው። ዓይኑን ለሁለት ከተከፈለ የፒንግ ፖንግ ኳስ አወጣለት። ያ የመጀመሪያው ዋሽንግተን፣ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ነው ያለው። የእናቱን ካፖርት! አንተም ነጠላዬን ቀደህ የሙሴን መጎናጸፊያ የሰፋህበትን ቀን አስታወስኩ። ያን ዕለት ተቆጥቼሃለሁ፣ መቆጣትም ነበረብኝ፣ የጥምቀት ነጠላዬ ነበር። ስፌቱ ግን ቀጥ ያለ ነበር።

ሚጢ በጣም የገረማት ግራኝነታቸው ነው። አብዛኞቹ የሄንሰን አሻንጉሊቶች ግራኝ ናቸው። የሚያንቀሳቅሳቸው ሰው ቀኝ እጁን ጭንቅላታቸው ውስጥ ስለሚከት በቀረው ግራ እጁ ነው የእነሱን እጅ በቀጭን ዘንግ የሚያንቀሳቅሰው። ሚጢም ግራኝ ስለሆነች በየመስታወቱ ሥር ግራ እጇን እያነሳች ሰላም ስትላቸው ዋለች። ሰሲሚ ስትሪት የሚባለው የልጆች ፕሮግራም ላይ ያለው ትልቁ ቢጫ ወፍ ደግሞ ሁለት ሜትር ተኩል ይጠጋል። ካሮል ስፒኒ የሚባለው ሰው ከ1969 እስከ 2018 ውስጡ ሆኖ ሠርቷል። ቀኝ ክንዱን ከራሱ በላይ ዘርግቶ ጭንቅላቱን ይይዛል፣ ውጪውን ስለማያይ ደረቱ ላይ ትንሽ ቴሌቪዥን ይታሰርለታል። እስቲ ክንድህን ወደ ላይ ዘርግተህ ቆይ። እኔ ሞከርኩት፣ ከሁለት ደቂቃ በላይ አልቻልኩም።

ስፖንጃቸውም ያሳዝናል። አንተ እንደነገርከኝ ነው፤ ለካሜራ ተብሎ የተሠራ ስፖንጅና ላቴክስ ለዘለዓለም አይደለም፣ ዕድሜ ሲበላው ይደርቃል፣ ይፈረካከሳል። የሙዚየም ሰዎች ሙቀትና ብርሃን እየተቆጣጠሩ ነው የሚያቆዩት። ክፍሎቹ ጨለም ያሉት ለዚያ ነው። አንዱ ከንፈሩ ጥግ ላይ ተሰነጣጥቋል። የተቀባው ቀለም ከሥሩ ካለው ስፖንጅ ጋር አብሮ ተነስቷል። ይሄን ሳይ ያንተ ሳንባ ነው የታየኝ። ስፖንጅ ስትቆርጥ የሚነሳው ብናኝ፣ ያ የምታጣብቅበት ማስቲሽ ሽታው። ማስክ አድርግ። የጨርቁን አይደለም፤ የብናኙና የጭሱ ማጣሪያ ያለውን። መስኮት ክፈቱ። ሐኪሙንም ምን እንደምትሠራ ንገረው፣ «ፊልም ላይ ነው የምሠራው» አትበለው። ስፖንጅ እቆርጣለሁ፣ የማስቲሽ ሽታ እስባለሁ በለው።

ቤት ገብቼ ሚጢ ከተኛች በኋላ ስለ ሄንሰን ማንበብ ጀመርኩ። ይሄን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

በ53 ዓመቱ ነው የሞተው፤ ግንቦት 16 ቀን 1990፣ በፈረንጅ። ምን ገደለው መሰለህ? ከጉሮሮ ሕመም የጀመረ ነገር። በወሩ መጀመሪያ ላይ ጉሮሮውን አሞት እንኳ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ከአንዷ ልጁ ጋር አባቱን ሊጠይቅ ሰሜን ካሮላይና ሄደ። እዚያ ሐኪም አይቶት የሳንባ ምች ምልክት አላገኘበትም። ኒውዮርክ ሲመለስ ባሰበት። በሌሊት መተንፈስ አቃተው፣ ደም አስሳለው። ያኔም ሰው ላለማስቸገር ብሎ ሆስፒታል አልሄድም አለ። ወደ አሥር ሰዓት ሌሊት ላይ ነው እሺ ያለው። ከገባ አንድ ቀን ሳይሞላው ሞተ። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ ያው ጉሮሮ የሚያሳምመው ዓይነት። ሳንባው ገብቶ፣ ደሙ ውስጥ ገብቶ፣ ኩላሊቱንም ልቡንም አደከመው። አንቲባዮቲክ የሚገድለው ባክቴሪያ ነው ማሙሽ። መድኃኒቱ ነበር፤ የተሰጠው ከረፈደ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ያዝልኝ። ሐኪም ቤት ሂድ። ሐኪሙ ምንም የለብህም ብሎ ከመለሰህና ከባሰብህ ደግሞ ተመልሰህ ሂድ። «ትናንት አይተውኛል» አትበል። አታፍርም። ማንንም አታስቸግርም። የእነሱ ሥራ አንተን ማየት ነው።

ከሞተ በኋላ ከርሚትን ሌላ ሰው ተረከበው፤ ስቲቭ ዊትማየር ይባላል፣ ለብዙ ዓመት ሠራው። ፕሮግራሙም ቀጠለ፣ ፊልሙም ተሠራ። አምስቱ ልጆቹ ግን ሌላ አባት አላገኙም። ሄንሰን ከመሞቱ ከአራት ዓመት በፊት ለልጆቹ ደብዳቤ ጽፎ አስቀምጦ ነበር፣ ሲሞት እንዲከፈት። በቀብር ሥነ ሥርዓቱ ማንም ጥቁር እንዳይለብስ ሁሉ ጠይቋል። ያን ሳነብ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። እኔ ለልጄ ሲሞቱ የሚከፈት ደብዳቤ አልጽፍም አልኩ። ዛሬ የሚከፈት ነው የምጽፈው።

አሁን አጎትህን ልንገርህ። ከዚህ በፊት ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩህ።

ጥላ ይሠራ ነበር። ደብረ ታቦር ገጠር፣ አያትህ ቤት፣ ከእራት በኋላ ኩራዙን መሬት ላይ ያስቀምጥና እጁን ፊቱ ላይ ዘርግቶ ግድግዳው ላይ ያሻውን ያወጣል። ጅብ፣ ጥንቸል፣ ጥምጥም ያሠረ ቄስ። ጅቡ ላይ ድምፁንም ይጨምርበታል፣ እኛ እናቴ ነጠላ ሥር እንገባለን። አያትህ «ላምባ አትጨርሱ» ብለው ይቆጡ ነበር፤ እሳቸውም ግን ሲያዩ ነበር፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። በበጋ ደግሞ ከበቆሎ አገዳ ሰው ይሠራል፤ እጅና እግሩን በቃጫ ያስርና ቃጫውን ሲስበው ሰውየው እስክስታ ይመታል። ማንም አላስተማረውም። ማሊንም ጃቫንም ሰምቶ አያውቅም። አውራ ጣቱ ጥፍር ማጭድ ሰንጥቆት መሀሉ ላይ መስመር ነበረው፣ ያ መስመር ጥላው ላይ ሁሉ የሚታይ ይመስለኝ ነበር። ፎቶ የለውም። አንድም። መልኩን ለማስታወስ ስሞክር ያ ጥፍር ነው የሚመጣልኝ።

ታኅሣሥ ላይ አመመው። ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ። ምች ነው ተባለ፣ ዳማከሴ ተጨምቆ ተሰጠው፣ በቡናም ጠጣው። ትንሽ ተሻለው። ጤፉ ተቆልሎ አውድማው ላይ ነበር። ደብረ ታቦር ወስደን እናሳክምህ ሲሉት «ውቅያው ይለቅ» አለ። በሬ እየነዳ ሲያበራይ ዋለ። ማታ ውጋት ያዘው፣ ጎኑን ይዞ ጎብጦ ነው የገባው። ጠዋት ደግሞ «ተሻለኝ» አለ። እንዲህ እያለ ሰነበተ። አንድ ሌሊት ትንፋሹ ለብቻው ይሰማ ጀመር፣ ከጓዳ ሆኜ እሰማው ነበር፣ አጭር አጭር። ሲነጋጋ የመንደሩ ሰዎች ቃሬዛ አሥረው ተሸከሙት። ግማሽ ቀን ነው መንገዱ። ክሊኒኩ በር ላይ ሲደርሱ ድሬሰሩ ወጥቶ ጨርቁን ገለጠና መልሶ ሸፈነው አሉ።

ከሠልስቱ በኋላ ጎረቤት ተሰበሰበ። ያ የጠበቀው ውቅያ በደቦ በሁለት ቀን አለቀ።

አያትህ እስኪሞቱ ድረስ የዚያን ዓመት ጤፍ እንጀራ አልበላሁም ይሉ ነበር። ተሸጠ ብዬሃለሁ መሰለኝ፤ አልተሸጠም፣ ለቤተ ክርስቲያን ነው የተሰጠው። እኔ ያኔ የሚጢ እኩያ ነበርኩ። ማንም ስለሞት አልነገረኝም፣ ማታ ማታ ኩራዙን መሬት ላይ እያስቀመጥኩ እጠብቀው ነበር። እናቴ አንስታ ቦታው ትመልሰዋለች። አንድም ቀን አልተቆጣችኝም።

ለሱ ቃሬዛ ነበር፣ ያውም ሰው ሲገኝ። ላንተ መኪናህ በር ላይ ቆማለች፣ ኡበር አለ፣ የአክስትህ ልጅ አለች፣ 911 አለ። ያንተ «ፕሮጀክቱን እንጨርስና» ከሱ «ውቅያው ይለቅ» በምን ይለያል? ንገረኝ እስቲ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉህ አልሰማህም? ሐኪም ቤት ሂድ ልጄ። አፈር ስሆንልህ።

ተቆጣሁ፣ አውቃለሁ። የኔ ጌታ፣ አንተን ስቆጣ አንጀቴ ነው የሚላወሰው። ትንሽ ሆነህ ሲያተኩስህ ደረቴ ላይ ካልሆነ አትተኛም ነበር። አሁን ሦስት ሰዓት የጊዜ ልዩነት አለ በመሀላችን፣ ስትስል የምሰማው በሰው አፍ ነው።

አሁን ዝም ብለህ የምልህን አድርግ። ትንፋሽ ካጠረህ፣ ደረትህን ከወጋህ፣ ከንፈርህ ከጠቆረ ወይም ደም ካሳለህ ኧርጀንት ኬር አይደለም፣ በቀጥታ ኢመርጀንሲ። መኪና አትንዳ፣ የአክስትህ ልጅ ትውሰድህ። እንዲህ ካልሆነ ዛሬውኑ ኧርጀንት ኬር፣ ያ ያለ ቀጠሮ የሚገባበት ክሊኒክ፣ ግባ። ደረትህን እንዲያዳምጡ፣ ጣትህ ላይ ያቺን የኦክስጅን መለኪያ እንዲያደርጉ፣ ራጅም ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቅ። ሳልህ ሁለት ሳምንት እንዳለፈው ተናገር፣ «ሁለት ሦስት ቀን ነው» እንዳትል። ለጥምቀት ሀገር ቤት ሄደህ እንደነበር ንገራቸው። የቲቢ ምርመራ እናድርግልህ ቢሉ አትፈር፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። አንቲባዮቲክ ከሰጡህ ተሻለኝ ብለህ መሀል ላይ እንዳታቋርጥ፣ እስኪያልቅ ዋጠው።

ታይሌኖልና ያን ዴይኩዊል የሚሉትን የጉንፋን መድኃኒት አብረህ እንደምትወስድም ሰምቻለሁ። ተው! ሁለቱም ውስጥ ያለው አሴታሚኖፌን ነው፣ አንዱን መድኃኒት ደርበህ ነው የምትወስደው፣ ጉበት ይጎዳል። ስንት እንደወሰድክ ለሐኪሙ ንገረው።

ጦስኝና ዝንጅብል በማር ጥሩ ነው፣ ጠጣ። ግን ሐኪም ቤት ከሄድክ በኋላ ነው የሚጠጣው። አባትህም እንዲሁ ይላል፣ ላንተ በስልክ ምንም አይል እንጂ እዚህ ሌሊት እየተነሳ ውኃ ይጠጣል። ስትመለስ ለሱ ደውልለት፣ ለኔ ቴክስት ይበቃኛል። የወረቀቱን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ የመድኃኒቱን ስም ማየት እፈልጋለሁ።

የኢንሹራንስ ካርድህ ከጠፋ ባለፈው የላክልኝ ፎቶ አለ፣ አሁን መልሼ ልኬልሃለሁ፤ የፊቱም የጀርባውም ነው። ዕቃም ልኬልሃለሁ። የአጃ ዱቄት ለአጥሚት አለበት፣ በሶ፣ ጦስኝ፣ ማሩ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሏል፣ ቀስ ብለህ ክፈተው። ረቡዕ ይደርሳል ብለዋል። ፊርማ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ረቡዕ ቤት ሁን። አጥሚቱን የአክስትህ ልጅ ትሠራልሃለች፣ አነጋግሬያታለሁ፣ ቅቤው ትንሽ ይሁን ብያታለሁ።

እናትህ